ምዕራፍ 1ን 14 ጊዜ አርሜያለሁ፤ ምዕራፍ 2 ጋ አልደረስኩም

ረቂቅ አልጋ ስር

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ የጸሐፊዎች መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ሲመረኝ መጣሁ።

ልቦለዴን ጽፌ ከጨረስኩ 7 ወር ሆነኝ። 118 ሺህ ቃል፣ 34 ምዕራፍ። የጨረስኩ ቀን ደስታዬን አልቻልኩትም። «በቃ፣ ትንሽ ላስተካክለውና ለአሳታሚ» አልኩ። ያቺ «ትንሽ» ናት ጉድ የሠራችኝ።

በ7 ወር ውስጥ ምዕራፍ 1ን 14 ጊዜ አርሜያለሁ። እያጋነንኩ አይደለም፣ ፋይሎቹ አሉ። የመጨረሻው ስሙ «የመጨረሻ የመጨረሻ አሁንስ በእውነት 3» ይላል። ጠዋት እከፍታለሁ፣ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እጀምራለሁ፣ አንድ ቃል አወጣለሁ፣ ማታ መልሼ አስገባታለሁ። ምዕራፍ 2 ጋ ስደርስ ደክሞኛል። ምዕራፍ 20ን ከጻፍኩት ወዲህ ዓይኔ አላየውም።

ለናሙና ይቺን ልለጥፍ። 14 ጊዜ ታርማ እንዲህ ናት፦

«ሳሙኤል በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ ገብቶ መብራቱን አብርቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ልቡ በፍጥነት ይመታ ነበር። በጣም ፈርቶ ነበር። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። እናቱ የጻፈችለት ደብዳቤ እንደሆነ ከእጅ ጽሑፏ ወዲያውኑ ተገንዝቦ ነበር። በከፍተኛ የሐዘን ስሜት ውስጥ ሆኖ ደብዳቤውን ለመክፈት እጁን ዘረጋ፤ ነገር ግን ፍርሃት ስለተሰማው በረጅሙ ተንፍሶ እጁን መለሰ።»

ምኑ ነው የማይጥመው? አትራሩልኝ። (ትንሽ ራሩልኝ።)

ቀይ እስክሪብቶ

«አትራሩልኝ» የሚል ሰው ደስ ይለኛል። እንጀምር።

6 ዓረፍተ ነገር ነው፤ 5ቱ በ«ነበር» ያልቃሉ። ጮክ ብለህ አንብበው። ነበር፣ ነበር፣ ነበር። በር የሚያንኳኳ ሰው ይመስላል።

ፍርሃቱን ሦስቴ ነግረኸናል። ልቡ መታ፣ ፈራ፣ ፍርሃት ተሰማው። አንዱ ይበቃል። እንዲያውም እጁን ዘርግቶ ከመለሰ አንዱም አያስፈልግም፤ እጁ ነግሮናል።

«በከፍተኛ የሐዘን ስሜት ውስጥ ሆኖ» የመግለጫ ቋንቋ ነው። ሰው እንዲህ አያዝንም። እንዲህ የሚያዝነው መሥሪያ ቤት ነው።

ደግሞ ሳሙኤል «ተቀምጦ ነበር»፣ ደብዳቤውም «ተቀምጦ ነበር»። ሁለቱ ተቀምጠው ይተያያሉ።

እኔ ብሆን፦

«ሳሙኤል መብራቱን አበራ። ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ አለ። የእናቱ ጽሑፍ ነው። እጁን ዘረጋና መለሰ።»

50 ቃል የነበረው 13 ሆነ።

ረቂቅ አልጋ ስር

ኧረ በስመ አብ። 7 ወር ሙሉ ያላየሁትን በ10 ደቂቃ?

ቀይ እስክሪብቶ

የኔ ስላልሆነ ነው። የራሴን ረቂቅ ስጠኝና እንዳንተው እውር ነኝ።

የማታ አንባቢ

ቀይ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ያንቺው ደግሞ ቴሌግራም ሆነ። መተግበሪያው ማለቴ አይደለም፣ የድሮው ነው፤ በየቃሉ የሚያስከፍለው። አበራ። አለ። ነው። መለሰ። ሰውዬው የት ገባ? ነፍሱስ?

አማርኛ እኮ «ከፍቶ፣ ገብቶ፣ አብርቶ» እያለ ሲንደረደር ደስ የሚል ነገር አለው። ማሰሪያ አንቀጹን እስክትደርስበት ትንፋሽህን ይዘህ ትሄዳለህ። ችግሩ የተደረደረው መብዛቱ አይመስለኝም። ተደርድሮ ተደርድሮ መጨረሻ ላይ የጠበቀን «ተቀምጦ ነበር» መሆኑ ነው። ያን ሁሉ ሮጠን መጥተን ወንበር ላይ መቀመጥ!

ቀይ እስክሪብቶ

ይሄን እቀበላለሁ። አጭር ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጥሩ ዓረፍተ ነገር አይደለም። እጄ ለምዶብኝ ነው፤ መቀስ ይቀድመኛል።

አንጋፋው

ልጆች፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ነገር ግን ሁለታችሁም ያልነካችሁት አንድ ቦታ አለ። «እናቱ የጻፈችለት እንደሆነ ከእጅ ጽሑፏ ተገነዘበ» ይላል። ከምኑ ነው የተገነዘበው? እዚያ ላይ ነበር ጸሐፊው መቆም የነበረበት። ሌላውን ስንቆርጥ ውለን እዚህ ጋ መጨመር አለብን።

እስቲ እንዲህ ብንለውስ፦

«ሳሙኤል ገብቶ መብራቱን ሲያበራ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነበር። እናቱ የሳን እግር ታስረዝማለች፤ የእሱን ስም ስትጽፍ ደግሞ ይብስባታል። እጁን ዘረጋ። መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።»

«ነበር» አንድ ቀርታለች። ትቅር። የሚያስቀይመው ቃሉ አይደለም፣ ሳይጠራ መምጣቱ ነው።

ረቂቅ አልጋ ስር

ጋሼ፣ ይሄን ሳነብ ልቤ ደነገጠ። እርስዎ ባንድ ጊዜ እናቱን አሳዩኝ። እኔ በ34 ምዕራፍ አላሳየኋትም።

ባለ 3 ነጥብ

ቆይ ቆይ ቆይ።

ሰውዬው ችግሩን ሲነግራችሁ «ምዕራፍ 1 ላይ ተቸንክሬያለሁ» አለ። እናንተ ምን አደረጋችሁ? አብራችሁት ምዕራፍ 1 ላይ ተቀመጣችሁ። አሁን 15ኛውን እርማት ሠርታችሁ ሰጣችሁት። ነገ ጠዋት ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?

ወንድሜ፣ ስማኝ። ያ አንቀጽ መጽሐፉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን እንኳ ገና አታውቅም። ግድግዳው የሚፈርስ ይሁን የሚቆም ሳይታወቅ ቀለም እየቀባህ ነው። ሥራው ደግሞ ስለማይከብድ ደስ ይላል። ቀኑን ሙሉ «አረምኩ» ብለህ ትተኛለህ። እኔም 2 ዓመት እንዲህ ሆኜ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ጽሑፉን አትንካው። ከፍተህ አንብበው፣ እጅህን አስረህ። ከዚያ ባዶ ወረቀት ላይ ከተጻፈው ተነስተህ ቢጋር አውጣ። ልትጽፍ ያሰብከውን ሳይሆን የጻፍከውን። ለየምዕራፉ አንድ መስመር። እኔ አራት ዓምድ አደርጋለሁ፦ በዚህ ምዕራፍ ማን ምን ፈለገ፤ ማን ከለከለው፤ ምዕራፉ ሲያልቅ ምን ተለወጠ፤ ካለፈው ምዕራፍ ስንት ቀን አለፈ።

ሦስተኛው ዓምድ ነው ገዳዩ። የኔ ላይ ከምዕራፍ 8 እስከ 11 ባዶ ሆነ። አራት ምዕራፍ! ሰዎች ይገናኛሉ፣ ያወራሉ፣ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፣ ይለያያሉ። ማንም ወዴትም አልሄደም። በቋንቋ ደረጃ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ ያማሩት እነሱ ነበሩ። ስለዚህ ነው በስንት ንባብ ያላየኋቸው።

አራተኛው ዓምድ ደግሞ ሌላ ጉድ አወጣ። ምዕራፍ 4 ላይ «አርግዣለሁ» ያለችው ሴትዮ ምዕራፍ 27 ላይ ወለደች። ቀኑን ስደምረው 14 ወር።

ጓሮ በር

14 ወር 😂 ዝሆን ናት እንዴ

ባለ 3 ነጥብ

ዝሆንማ 22 ወር ገደማ ነው፣ እሷም አልደረሰችበትም። መሃል ላይ ቀረች።

ቀይ እስክሪብቶ

ባለ 3፣ በቅደም ተከተሉ እስማማለሁ። ከላይ ወደ ታች ነው የሚኬደው፦ ታሪኩ፣ ከዚያ ትዕይንቱ፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ፣ ፊደሉና ነጥቡ መጨረሻ። ሥራ ላይም እንዲህ ነው የማደርገው። እዚህ ግን አንቀጽ ሲለጠፍልኝ አላስችል አለኝ።

ግን አንድ ነገር ልከራከርህ። አንዳንድ ጸሐፊ ታሪኩን የሚያገኘው በዓረፍተ ነገሩ ነው። አንጋፋው «የሳን እግር ታስረዝማለች» ሲሉ እኮ ቋንቋ ብቻ አላረሙም፣ እናትየዋን ሰው አደረጓት። አሁን ረቂቅ «እናቱን አላሳየኋትም» አለ። ይሄ የመዋቅር ግኝት ነው፣ በር የከፈተለት ግን አንዲት ፊደል ናት።

ባለ 3 ነጥብ

እሺ፣ አንድ ለዜሮ። ቢሆንም ምዕራፍ 1 ላይ 14 ጊዜ ቆሞ አላገኛትም። ያገኛት ሌላ ሰው ሲያነብለት ነው።

የማታ አንባቢ

ከማረም በፊት ማስቀመጥም አለ። ጽፈህ በጨረስክ ማግስት ስታነብ የምታነበው ጭንቅላትህ ውስጥ ያለውን ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን አይደለም። የሮማው ባለቅኔ ሆራስ ረቂቃችሁን እስከ 9ኛው ዓመት አቆዩት ብሎ ነበር። 9 ዓመት እንኳ ይቅርብን። እኔ 2 ወር አስቀምጣለሁ። ፋይሉን ላለመክፈት ሌላ አጭር ልቦለድ እጀምራለሁ፤ እጄ ሥራ ካልያዘ ይሰርቃል።

ጓሮ በር

አሜሪካዊው ደራሲ ፎክነር ደግሞ «የምትወዷቸውን ግደሉ» ብሏል። የባለ 3 አራት ምዕራፎች ማለት ናቸው።

አንጋፋው

ልጄ፣ አባባሉ የፎክነር ነው ተብሎ በየቦታው ይለጠፋል እንጂ ቀድሞ ያለው እንግሊዛዊው አርተር ኩይለር ኩች ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ኬምብሪጅ ላይ ስለ አጻጻፍ ስልት ሲያስተምር ነው የተናገረው። አንድ የረቀቀ ነገር ለመጻፍ ድንገት ካማራችሁ ከልባችሁ ጻፉት፣ ለማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት ግን ሰርዙት ነው ፍሬ ነገሩ። ጻፉት ማለቱን ሰው ይረሳዋል። መጀመሪያ ይጻፋል።

ጓሮ በር

ጋሼ እርስዎ ባሉበት መዋሸት አይቻልም።

ረቂቅ አልጋ ስር

የተቆረጠውን ምን ታደርጉታላችሁ? እኔ መቁረጥ ያቃተኝ አንዱ ምክንያት «ይጠፋል» የሚለው ነው። ሞኝነት መሆኑ ይገባኛል።

ቀይ እስክሪብቶ

ሞኝነት አይደለም። «ትርፍራፊ» የሚባል ፋይል ክፈት። የቆረጥከውን ሁሉ እዚያ ለጥፈው፣ ከየትኛው ምዕራፍ እንደመጣ ጽፈህ። አላጠፋሁትም ስትል እጅህ ይፈታል። ስንት ጊዜ ወደ ትርፍራፊ ተመልሼ አንድ ነገር ይዤ ወጣሁ? በ3 መጽሐፍ ሁለቴ።

እና ስለ ፈጣሪ ብለህ ፋይሎችህን በቀን ሰይማቸው። «አሁንስ በእውነት» ስም አይደለም፣ ኑዛዜ ነው።

ንጉሡ ሠ

ስለ መዋቅሩ ጨርሳችኋል። እኔ ከታች ልምጣ፤ ማንም የማይወደው ሥራ ላይ።

በኛ ፊደል ሲጻፍ «ፈልግ» የሚለው ነገር ያታልላል። ዎርድ ላይ ኮንትሮል ኤፍ ብለህ «ፀሐይ» ብትል «ጸሀይ»ን አያሳይህም። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። አንድ ረቂቅ ላይ ፀሐይን በአራት ዓይነት አጻጻፍ አግኝቻለሁ፤ ጸሐፊው አንድ ሰው ነው። ሠ ይሁን ሰ፣ ፀ ይሁን ጸ፣ አልጣላህም (እጣላሃለሁ፣ ግን ዛሬ አይደለም)። ብቻ አንዱን ምረጥና ጽና። የምትጠራጠርባቸውን ቃላት በአንድ ገጽ ላይ ዘርዝረህ አጠገብህ አኑር።

ለፍለጋው መላ አለው። የዎርድ መፈለጊያ ውስጥ «ዋይልድካርድ» የሚለውን ምልክት አድርግና [ጸፀ][ሀሐኀሃሓኃ]ይ ብለህ ጻፍ። ቅንፉ ውስጥ ካሉት ማናቸውም ቢሆኑ ያመጣልሃል።

አራት ነጥብ ሌላው ነው። አንዳንዱ ።ን ራሱን ይጽፋል፣ አንዳንዱ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል (፡፡)፣ አንዳንዱ የፈረንጁን ሁለት ነጥብ ይደግማል (::)። ስክሪን ላይ ይመሳሰላሉ። መጽሐፉ ሲሰናዳ ግን ጥንዱ መስመር ጫፍ ላይ ተሰንጥቆ አንዱ ታች ሊወርድ ይችላል። እነዚህን በጅምላ መተካት ይቻላል፣ አደጋ የለውም።

በድሮ ፎንት የተጻፈ ምዕራፍ ካለህ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ቀይር። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮድ ነበራቸው። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ነው የሚታየው።

ጓሮ በር

«በጅምላ መተካት» ሲባል ቁስሌ ተነካ። ልንገራችሁ።

የልቦለዴ ዋና ሴት ስሟ ሰላም ነበር። አንድ ሌሊት «ሄለን ትሁን» አልኩ። ሰላም በሄለን፣ ሁሉንም ተካ፣ ኦኬ። 340 ቦታ ተቀየረ። ኮራሁ፣ ተኛሁ።

ጠዋት አንድ ወዳጄ እንዲያነብልኝ ላክሁለት። ማታ ደወለ። «ገጽ 12 ላይ ሽማግሌው ሄለንታ አቀረቡ ይላል፣ ምንድን ነው?» ቀጠለ። «እንደምን አደሩ፣ ሄለን ነው?» «ጦርነቱ አልቆ አገሩ ሄለን ሆነ።» «በሄለን ግባ።» «የሄለን ስምምነቱ ተፈረመ።» መጽሐፉ በሙሉ ሄለን።

ሳይነካ የተረፈው «ሰላማዊ» ብቻ ነው። ምን ወደ ማ ስለቀየራት አላወቃትም።

ቀይ እስክሪብቶ

ሄለንታዬ ይድረስህ 😂😂

ንጉሡ ሠ

የዚህ ተቃራኒም አለ። ስሙ በአ የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ አልማዝ፣ «ከአልማዝ» ብለህ የጻፍከውን ያገኘዋል። «ካልማዝ»፣ «ላልማዝ»፣ «ያልማዝ» ያልከውን ግን ያልፈዋል። ስም ቀይረህ አንዲት «ያልማዝ ቦርሳ» ገጽ 203 ላይ ትቀርና አንባቢ «አልማዝ ደግሞ ማናት?» ይላል። ስም ስትቀይር አንድ በአንድ እያየህ ተካ። 340 ቢሆንም።

ባለ 3 ነጥብ

ግሡ ይብሳል። ገጸ ባሕርያቴ ስንት ጊዜ በረጅሙ እንደሚተነፍሱ ልቆጥር ፈለግኩ። «ተነፈሰ» ስል 38 አለኝ። «ተነፈሰች»ም ውስጡ አለች። ደህና ነው አልኩ። ኋላ «ተንፍሶ» እና «ተንፍሳ» ትዝ አሉኝ። ሌላ 23። በድምሩ 61።

የማታ አንባቢ

ገጸ ባሕርያትህ አስም አለባቸው።

ባለ 3 ነጥብ

ያልተነፈሱ ቀን ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱ ልማድ አለው፣ ያንን ካላወቀ አያየውም። የረቂቅ ደግሞ እዚያው ናሙናው ላይ አለች፦ «በረጅሙ ተንፍሶ»። ዘመዴ ነህ።

ረቂቅ አልጋ ስር

አሁን ፈለግኩ። 44። መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ።

አንጋፋው

አትዋጥ። ግማሹን ሰርዝ፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ ሰውዬው በዚያች ሰዓት በእርግጥ ምን እንደሚያደርግ ጠይቀው። አንዱ የእጅ ሰዓቱን ይፈታል፤ አንዱ ያልቆሸሸ መነጽር ይወለውላል።

ሌላ ልጨምር። በአማርኛ የምትጽፉ ሰዎች የአጠራሩን ነገር ለብቻው አንድ ጊዜ አንብቡ። ማን ማንን አንተ፣ ማን ማንን አንቱ፣ ማን ማንን እርስዎ ይላል? ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን ብቻ እየተከተላችሁ። አንድ ወጣት ረቂቁን አምጥቶልኝ ነበር። ልጁ አለቃውን ምዕራፍ 3 ላይ «እርስዎ» ይላቸዋል፣ ምዕራፍ 9 ላይ «አንተ»፣ ምዕራፍ 12 ላይ ተመልሶ «እርስዎ»። «ምን ተጣልተው ነው?» ብዬ ብጠይቀው «አልተጣሉም» አለኝ። ሳያውቀው ነው። ልብ ብሎ ቢያደርገው ግን ምን ዓይነት ትዕይንት ይወጣው ነበር! ሰው አለቃውን ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ሲል በዚያች ቃል ውስጥ አንድ ምዕራፍ አለ።

ቀይ እስክሪብቶ

ይሄን ለሁሉም ደንበኛዬ ልልከው ነው።

ምልልስ ላይ ከተነሳ፣ «አለ»ና «አለች»ን ለመቀነስ ቋንቋው ራሱ ያግዛል። «ለምን መጣሽ?» ካልኩ የሚነገራት ሴት እንደሆነች ታውቋል። ሁለት ሰዎች ብቻ ሲያወሩ፣ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት ከሆኑ፣ ገጹን ሙሉ «አለ» ሳትል መሄድ ትችላለህ።

ግን «አለ» የሚመጣው ከንግግሩ በኋላ ነው። ንግግሩ 8 መስመር ከሆነ አንባቢው 8 መስመር ሙሉ ማን እንደሚናገር ሳያውቅ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ያውቃል፣ ተመልሶ ያነባል። ስለዚህ ረጅም ንግግር ከሆነ ሰውየውን አስቀድመው። «አልማዝ ቦርሳዋን ዘጋች። "..."» በቃ። «በማለት በቁጣ መለሰችለት» አያስፈልግም፣ ቦርሳው ተዘግቷል።

የማታ አንባቢ

ጮክ ብሎ ማንበብ እስካሁን አለመነሳቱ ገርሞኛል። ምራቅህ የሚደርቅበት ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው። ምላስህ የሚጠላለፍበት ቦታ ላይ አንባቢም ይጠላለፋል።

ድምፅህ ከደከመ የማይክሮሶፍቱ ኤጅ ብራውዘር ላይ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብልህ አለ፣ የአማርኛ ድምፅም አለው፤ መቅደስ እና አምሃ ይባላሉ። እኔ መቅደስን እመርጣለሁ። ስሜት ስለሌላት ነው ጥሩነቷ። እኔ ሳነብ ድክመቱን በድምፄ እሸፍነዋለሁ፣ እሷ ምንም አትሸፍንልኝም። አንዳንዴ ማጥበቅና ማላላት ላይ ትሳሳታለች። አንድ ቀን «ደብዳቤ አለ» የሚለውን «ደብዳቤ» ብሎ ተናገረ ዓይነት አድርጋ አነበበችው። ስስቅ ቆይቼ ገጹን ሳየው የመኖሩ «አለ»ና የመናገሩ «አለ» ተደበላልቀው 9 ሆነዋል። ጥፋቱ የሷ አልነበረም።

ጓሮ በር

እኔ ደግሞ ፎንቱን ቀይሬ፣ መጠኑን አሳድጌ፣ ወረቀት ላይ አትሜ ነው የማነበው። መስመሩ ሌላ ቦታ ሲሰበር ዓይንህ እንግዳ ይሆንበታል። ለመጨረሻዋ የፊደል እርማት ደግሞ ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው፣ አንቀጽ በአንቀጽ። ታሪኩ አይጎትትህም።

ረቂቅ አልጋ ስር

አንድ ልጠይቅ። ለሰው መስጠት ያለብኝ መቼ ነው? ለአንድ ጓደኛዬ ምዕራፍ 1ን ሰጥቼው «አሪፍ ነው» አለኝ። በቃ። «አሪፍ ነው።»

ባለ 3 ነጥብ

ጥያቄህ ነዋ። «ወደድከው?» ብለህ ከጠየቅከው «አሪፍ ነው» ይልሃል፤ ጓደኛህ ነው፣ ምን ይበል? ሙሉውን ስጠው፣ ካረምከው በኋላ። ከዚያ «የት ጋ አቆምክ?» በለው። ስልኩን ያነሳበት፣ ወገቡን ያሳረፈበት፣ የተኛበት ገጽ ላይ እርሳስ ያኑር። ለምን እንደሆነ መናገር የለበትም። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ካቆመ ችግር አለ። የሚሰጡህን መፍትሔ ግን ተጠንቀቅ። የታመመበትን ቦታ ያውቁታል፤ መድኃኒቱ ያንተ ነው።

አንጋፋው

አንዱ አንባቢ ልቦለድ የማያነብ ሰው ይሁን።

---

ረቂቅ አልጋ ስር (ከ5 ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ።

ባለ 3 ያለውን አደረግኩ። 34ቱንም ምዕራፍ እጄን አስሬ አነበብኩ፤ 4 ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ሠንጠረዡን ሠራሁ። ሦስተኛው ዓምድ ላይ 9 ባዶ ቦታ ተገኘ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባዶዎች ምዕራፍ 1 እና ምዕራፍ 2 ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ምዕራፍ 3 ላይ ነው። ሳሙኤል አውቶቡስ ላይ ተሳፍሯል፤ ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ነው፤ አልከፈተውም። ከዚያ በፊት ያለውን ምንም ማወቅ አያስፈልገንም። ምዕራፍ 1 ላይ 14 ጊዜ ያረምኩት ሁሉ፣ ቤቱ፣ ወንበሩ፣ መብራቱ፣ ሄደ። የ7 ወር ልፋቴ ነው የሄደው። ትርፍራፊ ፋይል ውስጥ ነው ያለው። ትንሽ አለቀስኩ፣ አልዋሻችሁም።

የሳን እግር ግን አሳልፌ አልሰጠሁም። ጋሼ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ናት። ፖስታውን አውጥቶ ስሙን ብቻ ያያል፣ መልሶ ኪሱ ይከተዋል። ከዚያ ወዲህ እናትየዋ በየቦታው ብቅ ትላለች። ምዕራፍ 20ን ስከፍተው ደግሞ ገርሞኛል። ጻፍኩት ብዬ ከማላስታውሰው ውስጥ ጥሩ ነገር አለ። አልነካሁትም።

አሁን 96 ሺህ ቃል ነው። ሳሙኤል አጎቱን ምዕራፍ 6 ላይ ድንገት «አንተ» እንዳላቸው አገኘሁ። ላርመው ስል እጄ ቆመ። ተውኩት። አሁን የሚጣሉት እዚያ ነው።

አንጋፋው

ጎሽ።

ቀይ እስክሪብቶ

118 ወደ 96! እኔ እንኳ በመቀሴ እዚያ አልደርስም። ትንፋሹስ?

ረቂቅ አልጋ ስር

44 የነበረው 6 ቀርቷል። አንዱ በእርግጥ አስም ያለበት ሰው ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የድሮዎቹን 14 ፋይሎች ላጥፋቸው ወይስ ይቀመጡ?

ባለ 3 ነጥብ

የማትከፍታቸው ከሆነ ይቀመጡ።

ረቂቅ አልጋ ስር

ትናንት ማታ አንዱን ከፍቼው ነበር። እንዲሁ ለማየት። አንድ ቃል አወጣሁ።

ቀይ እስክሪብቶ

የትኛዋን?

ረቂቅ አልጋ ስር

«ነበር»ን። ዛሬ ጠዋት መልሼ አስገባኋት።